ጥያቄና መልስ፦ የአባት ጓደኛ እንዴት ይፈለጋል?

ባለፈው እትም ስለ አረጋውያን ብቸኝነት ከጻፍን በኋላ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡልን ጥያቄዎች ወደ አንድ ነገር ያዘነብላሉ። እናት ወይም አባት የድሮ ወዳጅ ስም ያነሳሉ፤ ልጅ ደግሞ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። ሰባቱን መርጠናል። መልሱን ያዘጋጁት በአረጋውያን እንክብካቤ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ 70 ዓመታቸው ነው። የወይዘሮ ስሂን ተማሪ ሳሉ በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥተው ከአንድ የኩታበር ልጅ ጋር በአንድ ጣቢያ ከርመዋል። ከዘመቻው በኋላ ተጠፋፉ። አሁን እግራቸውን እያመማቸው ቤት ስለሚውሉ በየቀኑ ስሙን ያነሳሉ። ፌስቡክ ላይ ፈልጌ አጣሁት። (ልጃቸው፣ ደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ፌስቡኩን ለጊዜው ይተዉት፤ ፍለጋው የሚጀምረው ከአባትዎ ነው። ብዙ ልጆች «ሙሉ ስሙ ማን ነበር?» ብለው ይጠይቁና «እሱንስ ረሳሁት» ሲባሉ ያቆማሉ። በዚህ ዕድሜ ስም የሚመጣው በቦታና በሁኔታ ተጎትቶ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን ይጠይቁ፦ ምን እያላችሁ ትጠሩት ነበር? አባቱ ምን ይሠሩ ነበር? እህቶቹ የት ተዳሩ? ማንን አገባ ሲባል ሰማህ? ለመጨረሻ ጊዜ የት ተያያችሁ? ቡና ላይ፣ በአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ለሦስት ቀን ያህል ከፋፍለው ያጫውቷቸው። ቀን ተፈልጎ የታጣ ስም ሌሊት ብቅ ማለቱ የተለመደ ስለሆነ ደብተርና እስክሪብቶ ትራሳቸው አጠገብ ይደር። ሲጽፉ «እርግጠኛ ነኝ» ያሉትንና «ይመስለኛል» ያሉትን ይለዩ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ወሩ ሙሉ የተሳሳተ ሰው ሲፈለግ ያልቃል። የድሮ ፎቶዎችንም ጀርባ ያገላብጡ፤ ቀን፣ የፎቶ ቤት ማኅተም፣ «ለማስታወሻ» ተብሎ ከነአባት የተጻፈ ስም አይጠፋም።

አሁን ወደ ስልኩ መመለስ ይቻላል። የ70 ዓመት ሰው ፌስቡክ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ልጆቹ ግን አይጠፉም፣ የእሱ ስም ደግሞ የእነሱ ሁለተኛ ስም ነው። የጠፋው ሰው እንድሪስ ይመር ቢባል የሚፈለገው ራሱ እንድሪስ ብቻ አይደለም፤ የአባቱ ስም እንድሪስ የሆነ፣ ደሴን ወይም ኩታበርን የትውልድ ቦታው አድርጎ የጻፈ፣ ከ25 እስከ 45 ዓመት የሚገመት ማንኛውም ሰው ነው። አያቱ ይመር ሆኖ ከተገኘ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ለሴት ጓደኛ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ ልጆቿ የሚጠሩት በባሏ ስም ነው። እናቶች ጓደኛቸውን ሲፈልጉ ቀድሞ የሚጠየቀው «ማንን አገባች?» የሚለው የሆነውም ለዚህ ነው። እሱ ካልታወቀ በወንድሞቿ በኩል ይኬዳል፤ የእሷና የእነሱ ሁለተኛ ስም አንድ ነው።

ፊደሉም ያሳስታል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለመፈለጊያው ግን ሦስት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ፀሐይና ጸሀይ፣ ሠይድና ሰይድም እንደዚያው። በላቲን ፊደል ደግሞ እንድሪስ በኢም በአይም ይጀምራል፣ በአንድ ኤስም በሁለት ኤስም ይጨርሳል። ሁሉንም በየተራ ይሞክሩ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ «የለም» የተባለው ሰው እዚህ ጋ ነው የሚገኘው። ሌላው ደግሞ ወሎ ውስጥ ከስም ተነስቶ ሃይማኖት መገመት አያዋጣም። አያቱ እንድሪስ፣ አባቱ ይመር፣ እሱ ራሱ ገብረ ሥላሴ የሆነ ሰው ሞልቷል። መስጊድ ብቻ ወይም ቤተ ክርስቲያን ብቻ ጠይቀው «አይታወቅም» ቢባሉ አይመለሱ።

ከዚያ በእግር የሚሠራው ሥራ ይቀጥላል። ከሁሉ የሚበልጠው ቅሬ፣ ማለትም የወሎው እድር ነው። ሰውየው ኖረበት የሚባለው ሰፈር ቅሬ ጸሐፊ ማን እንደሞተ፣ ማን ወደየት እንደለቀቀ፣ መዋጮውን ማን እንደሚከፍልለት ያውቃል፤ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን መዝገቡ ላይ አለ። ቀበሌ ግን የሰው አድራሻ ለማንም አውጥቶ አይሰጥም፣ መስጠትም የለበትም። በዚያ ላይ ቀበሌዎች በየጊዜው ስለተዋሐዱና ስለተሸነሸኑ አባትዎ የሚያስታውሱት የቀበሌ ቁጥር ከዛሬው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ የሰፈሩን ስም ይዘው ይሂዱ። የመንግሥት ሠራተኛ ከነበረ አብረውት የሠሩትን ጡረተኞች ይጠይቁ፤ አንዱ ጡረተኛ የሌላውን ደጅ አይስተውም። ፋብሪካ ከነበረ የሠራተኛ ማኅበሩን ወይም የሠራተኞቹን እድር ይያዙ።

የድሮ ስልክ ደብተር ከተገኘ ቁጥሮቹ አርጅተዋል ተብሎ አይጣል። ከ1998 ዓ.ም. በፊት የተጻፈ ቁጥር ባለ ስድስት አሃዝ ነው። በዚያ ዓመት መባቻ የአገሪቱ ስልክ ሲቀየር የደሴና የአካባቢዋ መለያ 033 ሆነ፣ ቁጥሩም ባለ ሰባት አሃዝ ሆነ። ከለውጡ በኋላ የደሴ የቤት ስልክ በ111 ወይም በ112፣ የኮምቦልቻ በ551 ይጀምር ነበር። ስለዚህ ደብተሩ ላይ በ11 የሚጀምር የደሴ ቁጥር ካለ ፊቱ ላይ 1 ጨምረው፣ 033 አስቀድመው ደውለው ይሞክሩ። ቤቱ ተሸጦ እንኳ ቢሆን የሚያነሳው ሰው የድሮውን ባለቤት ሊያውቅ ይችላል።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ቤተሰቦችም የሚጠቅም ነገር አለ፤ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ዓመት አቅጣጫ ይሰጣል። የገጠር ሰው ሆኖ በ1977 ወይም በ78 ከጠፋ የሰፈራ ፕሮግራሙን ያስቡ፤ ከወሎ የተነሳው ሕዝብ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ነው የሰፈረው። ሾፌር ወይም የወደብ ሠራተኛ ሆኖ አሰብ ከነበረ በ1983 ወይም ከ1990ው ጦርነት ወዲህ ተመልሶ ይሆናል፤ የመኪና ሰዎችን ይጠይቁ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሸዋና አዲስ አበባ ወጥቶ እዚያው ቀርቷል፤ ስልክም ያኔ ነው የተቀየረው። ቀይ መስቀል የተጠፋፋን የሚያፈላልግ ነጻ አገልግሎት አለው። ሆኖም ሥራው በግጭት፣ በአደጋና በስደት የተለያየ ቤተሰብን ማገናኘት ነው፤ ለድሮ ጓደኛ ብለው ቢሄዱ ላይቀበሉዎት ይችላሉ።

ማስታወቂያ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ከለጠፉ የእርስዎን ስልክ እንጂ የአባትዎን አይጻፉ። የሚጻፈው የጓደኛው ስም፣ ሰፈር፣ ትምህርት ቤትና ዓመት ነው። አንድ ምስጢር ግን ለራስዎ ያስቀሩ፤ የቅጽል ስሙን ወይም የዘመቻ ጣቢያውን። «እኔ ነኝ» ብሎ የሚደውል ሁሉ ይህን ይጠየቅ። ገና ሳይተዋወቅ ገንዘብ ያነሳ ወይም በስልክ የተላከ የምስጢር ቁጥር ንገሩኝ ያለ ሰው ጓደኛ አይደለም።

በመጨረሻም፣ «አንድ ፍንጭ አገኘን» እያሉ በየቀኑ ለአባትዎ አይንገሯቸው። ሰውየው በሕይወት መኖሩ ከልጁ አፍ ሳይረጋገጥ የሚሰጥ ተስፋ ወደ መርዶ ሲዞር ይከብዳል።

ጥያቄ፦ እናታችን 72 ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ ያሉ የልጅነት ጓደኛቸውን አገኘንላቸው፣ በስልክም ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን ስንሰጣቸው «ደህና ነሽ? አልሐምዱሊላህ» ብለው በሁለት ደቂቃ ይመልሱልናል። ቀዝቅዘው ነው ወይስ ደክሟቸው? (ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ)

መልስ፦ ምናልባት አይሰሙም ይሆናል። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር ቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ፣ ከ የመሳሰሉት ይጠፋሉ። እናትዎ ሰው እየተናገረ መሆኑን ይሰማሉ፣ ቃሉ ግን አይለይላቸውም። ፊት ለፊት ሲሆን ከንፈር አይተው ይሞሉታል፤ ስልክ ላይ ይህ የለም። ሦስቴ «እ?» ማለት ስለሚያሳፍራቸው ምስጋና አድርሰው ስልኩን ይመልሳሉ። መጮህም አይረዳም፤ ጩኸት የሚያጎላው ወፍራሙን ድምፅ ነው፣ የጎደለው ደግሞ ቀጭኑ ነው። ሳይጮኹ ድምፅን ወፈር፣ ንግግርን ዘግየት ማድረግ ይሻላል።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ጆሯቸው ይታይ። ኩክ ደድሮ የደፈነው ጆሮ ከታጠበ በዚያው ቀን ልዩነት ይታያል። እቤት በክብሪት እንጨትና በፀጉር ሽቦ መጎርጎር ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ታምቡሩንም ሊቀድ ይችላል። ፈሳሽ የሚወጣው ጆሮ ውስጥ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አይጨመር። የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ዓይነት ድምፅ የሚቀበለው ከላይ በኩል ስለሆነ ስልኩ የሚያዘው ጆሮው ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ ከመሣሪያው አጠገብ ነው። ሲያፏጭ ትንሽ ማራቅ ነው።

በሁለቱም ወገን ስማርት ስልክና ደህና ኔትወርክ ካለ በኢሞ ወይም በዋትሳፕ ማውራት ከተራው ጥሪ የጠራ ድምፅ ይሰጣል፤ ቪዲዮ ሲሆን ከንፈርም ይታያል። ስልኩን እጃቸው ላይ አያስይዟቸው፤ ጣሪያና አገጭ ነው የሚታየው። ከስኳር ዕቃ ጋር አስደግፈው በዓይናቸው ትክክል ያቁሙት። መስኮት ከጀርባቸው ከሆነ ፊታቸው ይጠቁራልና ወደ ብርሃኑ ይዙሩ። በቪዲዮ ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጀምረው በአንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። «ጨርሻለሁ፣ አንቺ ቀጥዪ» መባባልን በጨዋታ መልክ ያስለምዷቸው። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ቪዲዮውን ትተው በድምፅ መልእክት ይላላኩ፤ ደጋግሞ ማዳመጥ ስለሚቻል መስማት ለሚቸግረው ሰው እንዲያውም የሚመረጥ ነው።

ከጆሮ ሌላ አንድ ጥፋት አለ፣ እሱም የእኛ የልጆቹ ነው። ስልኩን ሰጥተን እንከባለን። «እስቲ ስለ ሠርጓ ጠይቂያት!» «አሕመድ ሰላም ብሏል በያት!» እያልን ከጎን እንጮኻለን። ሁለት ባልቴቶች በሰው ፊት የሚነጋገሩት ነገር ሰላምታ ብቻ ነው። መስመሩን አገናኝተው ክፍሉን ለቀው ይውጡ። ሰዓቱን አስቀድመው ከጓደኛዋ ልጅ ጋር ይስማሙ፤ የጁምዓ ሰዓትና የእሑድ ጠዋት ይለፍ፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ። የሁለተኛው ጥሪ ቀንም መጀመሪያው ሳይዘጋ ይቆረጥ። «እንደዋወላለን» ተብሎ የተለያየ ሰው አይደዋወልም፤ «ማክሰኞ ከአሥር በኋላ» የተባባለ ግን ይጠባበቃል። ካርዱን ልጆች በየወሩ ይሙሉ። ሚስኮል አድርጎ መጠበቅ ለጎረምሳ ጨዋታ ነው፤ ለትልቅ ሰው ልመና ይመስላቸዋል።

ጥያቄ፦ የአባቴን ጓደኛ ስንፈልግ ከሦስት ዓመት በፊት ማረፋቸውን ሰማን። አባቴ የደም ግፊት አለባቸው። እንንገራቸው ወይስ «አላገኘናቸውም» እንበል? (ደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ይነገራቸው። እናንተ ብትደብቁ ከቅሬ ወይም ከለቅሶ ቤት ይሰሙታል፤ ያኔ ሐዘኑ ላይ «ልጆቼ ደበቁኝ» የሚለው ይጨመራል። የመርዶ ሥርዓታችን ለዚህ በቂ ጥበብ አለው፤ ችግሩ በስልክ ዘመን እየዘለልነው መሆኑ ነው። በስልክ አይነገርም፣ ማታ አይነገርም፣ ብቻቸውን ሳሉ አይነገርም። ጠዋት የግፊት ኪኒናቸውን ከዋጡና ቁርስ ከቀመሱ በኋላ ይሁን። ተናጋሪው ልጅ ባይሆን ይመረጣል፤ እኩያቸው የሆነ ጎረቤት፣ ካህን ወይም ሸህ፣ ሁለት ሦስት ሰው ሆነው ይግቡ። በደረት ሕመም ወይም በስትሮክ የታከሙ ከሆነ ሐኪማቸውን ቀድሞ ማማከር ይገባል፤ በዕለቱም ቤተሰብ አብሯቸው ይዋል።

ሦስት ዓመት አለፈ ተብሎ ለቅሶው አይቀርም። አባትዎ የሟቹን ቤት መድረስ ከቻሉ ይውሰዷቸው፤ ካልቻሉ ከልጆቹ ጋር በስልክ ይተዛዘኑ። የሟች ልጆች ስለ አባታቸው ወጣትነት የሚነግራቸው ሰው አያገኙምና እዚያ ቤት አባትዎ ተፈላጊ ናቸው። አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የሚበቅለው ዝምድና ከተፈለገው ጓደኝነት የበለጠ ይቆያል።

ጥያቄ፦ አባቴ ደሴ፣ ጓደኛቸው ኮምቦልቻ። ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ግን የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። 25 ኪሎ ሜትር እንዲህ ይርቃል? (ደሴ፣ መናፈሻ)

መልስ፦ ለእናንተ አይርቅም። ለ75 ዓመት ጉልበት ግን መናኸሪያ ቆሞ መጠበቅ፣ ሚኒባስ ላይ መውጣት፣ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ፣ ከዚያ ባጃጅ መያዝ አራት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ይህ ሁሉ ቁልቁለት በጠመዝማዛ መንገድ ነው። ያቅለሸልሻል፣ ጆሮም ይደፍናል። ጋቢና ይቀመጡ፣ ቀለል ያለ ቁርስ ይቅመሱ፣ ሲወርዱ ምራቃቸውን እየዋጡ ጆሯቸውን ይክፈቱ። በክረምት ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቀው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ይነሱ፤ በ9 ሰዓት ለመመለስ መነሳት ነው። ከሁለቱ ማን ይሂድ ለሚለው የእኛ ምርጫ የደሴው ሰው ወደ ቆላው ይውረድ የሚል ነው። የኮምቦልቻው ሰው ደሴ ቢመጣ ከመንገድ ወደ ቤት ያለው ዳገት ይጠብቀዋል፣ ብርዱም አለ።

ብዙ ጊዜ ጉዞውን የሚያስቀረው ግን መንገዱ አይደለም፤ ሽንት ነው። የሽንት ኪኒን የሚወስዱ ሰው መኪና ውስጥ መቸገርን ስለሚፈሩ «ደክሞኛል» ይላሉ። ኪኒኑ በምን ሰዓት ቢዋጥ እንደሚሻል ሐኪም ይጠየቅ፤ በራስ ውሳኔ ግን አይዘለልም። የሚሄዱበት ቤት መጸዳጃ ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ መሐሉ የተቦረቦረ ወንበር ቀድሞ ይዘጋጅ። ቀላል ሥራ ነው፤ አናጺ መቀመጫውን ቦርቡሮ፣ ጠርዙን አለስልሶ፣ እግሮቹን ያጠብቃል። ይህን የአንዱ ልጅ ለሌላው ልጅ ይንገረው፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ አይነጋገሩትም።

ሁለተኛው እንቅፋት ድግስ ነው። እንግዳ መጣ ተብሎ በግ ከታረደ በሚቀጥለው ወር ወዲያ ያለው ቤት የግድ መመለስ አለበት፤ አቅም ሲያንስ መገናኘቱ ይቀራል። ከመጀመሪያው ቀን «ቡናና ዳቦ ብቻ» ተብሎ በልጆች በኩል ይወሰን። ሥጋ አለመኖሩ የጾምና የማን እጅ አረደው የሚለውን ጥያቄም ያቀላል። ቆሎ ጥርስ ለሌለው ሰው ስድብ ነውና በደንብ የበሰለ ንፍሮ ወይም ቂንጬ ይቅረብ። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ምሳ በሰዓቱ ይድረስ፤ ጨዋታው ደርቶ እስከ 9 ሰዓት ሲቆይ ስኳር የሚወርደው ያኔ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ።

ቀኑን ከወር ደሞዝ ወይም ከጡረታ መቀበያ ቀን ቀጥሎ ቢያደርጉት የመኪና ዋጋው ችግር አይሆንም። ለእናቶች ደግሞ ከማኅበር ወይም ከወዳጃ (ከዱዓ ስብስብ) ጋር ማያያዝ ይሻላል፤ ለቡና ብቻ ከቤት መውጣት የሚከብዳት እናት ለዱዓ ወይም ለጽዋ ስትባል ነጠላዋን ታነሳለች።

ጥያቄ፦ እናቴ ጓደኞቿን እናምጣልሽ ስንላት «ማንንም አልፈልግም፣ ተዉኝ» ትላለች። ድሮ ቤቷ ቡና አጣጭ የማይጠፋበት ሴት ነበረች። (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አያስገድዷት፣ ግን ቃሉን ብቻ አይመኑ። «አልፈልግም» ከሚለው ሥር ብዙ ጊዜ ያለው እፍረት ነው። የፊት ጥርስ ወልቆ ሊሆን ይችላል። ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ ምንጣፍ ላይ መቀመጥን ይሸሻሉ፣ ለልጅም አይናገሩትም። ዓይን ደክሞ የመጣውን ሰው መለየት አለመቻልም አለ። አንዳንዷ ደግሞ ጓደኛዋ የደላት ስለሆነች በተጎሳቆለ ቀሚስና በባዶ እጅ መታየትን አትፈልግም። ሴት ልጅ ወይም ምራት ለብቻ ሆና በዘዴ ትጠይቅ። የሽንቱ ነገር ሕክምና አለው። ልብሱና የምትይዘው ስኳር ወይም ቡና ደግሞ «ይኸው ለጓደኛሽ» ተብሎ ሳይሆን ለበዓል እንደተገዛ ሆኖ ቀድሞ ይሰጣት።

ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ ከዘጋት፣ እንቅልፍ ካጣች፣ ጸሎትና ሶላት እንኳ ካስጠላት ወይም «ምነው በሞትኩ» ካለች ግን ነገሩ ከእፍረት ያለፈ ነው፤ ሐኪም ይያት። ድባቴ በእርጅናም ይታከማል።

ጓደኛ ሲመጣ አንድ ብቻ፣ ለአቦል ብቻ። በረካን ሳይጠብቁ መሄድ ነውር የሆነበት አገር መሆኑን እናውቃለን፤ ለመጀመሪያው ቀን ግን ይፈቀድ።

ጥያቄ፦ አባቴ መርሳት ጀምረዋል። የድሮ ጓደኛቸው ሲመጡ «አወቅኸኝ?» ቢሏቸው አላወቋቸውም፤ እንግዳው አልቅሰው ሄዱ። ድጋሚ እንጥራቸው? (ደሴ)

መልስ፦ ይጥሯቸው። ጥፋቱ «አወቅኸኝ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መርሳት ለጀመረው ሰው ፈተና ነው፤ ሲወድቅ ይደነግጣል ወይም ይቆጣል። እንግዳው ሲገቡ ራሳቸውን ያስተዋውቁ፦ «እገሌ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ አብረን ያደግነው።» ከዚያ ስለ ዛሬ ሳይጠይቁ ስለ ድሮው ያውሩ። የትናንቱ ቀድሞ ይጠፋል፤ የልጅነቱ ዘግይቶ ነው የሚሄደው። መንዙማ ወይም መዝሙር፣ አብረው የሠሩበት ዕቃ፣ የድሮ ፎቶ ከጥያቄ ይልቅ ይሠራሉ። ስም ቢሳሳቱ አይታረሙ። ጠዋት ይሁን፣ ከ40 ደቂቃ አይለፍ፣ አንድ እንግዳ ብቻ። አመሻሽ ላይ ግራ መጋባቱ ይብሳል።

የሞተ ጓደኛቸውን ደጋግመው ቢጠሩ በየቀኑ መርዶ አይንገሯቸው፤ በየቀኑ እንደ አዲስ ይሰማሉና። «ናፈቁህ? ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ ማስወራት ይበቃል።

መርሳቱ በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ ግን እርጅና ነው ተብሎ አይታለፍ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የስኳር መውረድ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከጓደኛቸው ጋር በብድር ገንዘብ ተቀያይመው 20 ዓመት ሆናቸው። አሁን «ሳልሞት ባየው» ይላሉ። በሠርጌ ቀን ሁለቱንም ጠርቼ ባስታርቅስ? (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ በሠርግዎ ቀን አያድርጉት። በሰው ፊት የተጠመደ ሰው እጁን ቢዘረጋም ልቡን አይሰጥም፤ እምቢ ካለም ሠርጉ ይበላሻል። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ፣ ሁለቱም የሚያከብሯቸው አንድ፣ በድምሩ ሦስት ሽማግሌ ይያዙ። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ለየብቻ አንድ ነገር ያጥሩ፤ ገንዘቡ ይከፈላል ወይስ ይማራል? የሚከፈል ከሆነ ስንት፣ በስንት ጊዜ? ይህ ሳያልቅ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ከተባለ በሚቀጥለው የመኸር ወር ብድሩ እንደገና ይነሳል። የሚከፍለው አጎትዎ ከሆኑ ገንዘቡ በሽማግሌ እጅ ተቆጥሮ ይለፍ፤ ፊት ለፊት ሲገናኙ ስለ ገንዘብ የሚወራ ነገር አይቅር። መጀመሪያ የሚሄዱትም ታናሹ ናቸው፤ እኩያ ከሆኑ ጤናቸው የተሻለው።